ዋጋው ወርዷል፣ መለዋወጫው አልወረደም

አዲስ አበባ ላደገ ሰው መኪና ንብረት ነው። ነድተኸው ነድተኸው ከገዛህበት አስበልጠህ ብትሸጠው ማንም አይገረምም። በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር ሌላው አይገባም አለ። አገር ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ መኪና ልገዛ ነው ስለው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስትሸጠው ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። ለሱ ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ ግን መኪና ከሻጩ ግቢ እንደወጣ መርከስ ይጀምራል። ፈጣንና ቅንጡ ከሆነ ደግሞ ባሰ። አዲስ እያለ ሃምሳ ምናምን ሺህ ዶላር የተጠራበት መኪና፣ አሥራ ምናምን ዓመት ሲሞላው ከአዲስ ካምሪ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። ማታ ማታ ስልኬ ላይ እንዲህ ዓይነት ማስታወቂያ ሳይ ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ይጀምረኛል።

ችግሩ የሚረክሰው መኪናው ብቻ መሆኑ ነው። የፍሬን ዲስኩ፣ ሾክ አብዞርበሩ፣ ራዲያተሩ፣ መብራቱ፣ ሁሉም የሃምሳ ሺህ ዶላር መኪና ዕቃ እንደሆኑ ይቀራሉ። መካኒኩም ሰዓቱን ሲያስከፍል መኪናውን በስንት እንደገዛኸው አይጠይቅህም። ስለዚህ እኔ የዓመት ወጪውን የምገምተው በመግዣው ዋጋ አይደለም። አዲስ እያለ ስንት ነበር ብዬ ነው።

ልቤ ያረፈው ሁለት መኪና ላይ ነበር። አንዱ ቢኤምደብሊው ኤም 3፣ ኢ92 የሚባለው ባለ ሁለት በሩ። ሌላው ሌክሰስ አይኤስ ኤፍ። ሁለቱም አሜሪካ የገቡት በ2008 ሞዴል ነው። ሁለቱም ቱርቦ የሌለው ቪ8 ሞተር አላቸው። ኤም 3 ባለ 4.0 ሊትር ሆኖ 414 የፈረስ ጉልበት አለው። አይኤስ ኤፍ ባለ 5.0 ሊትር፣ 416። አዲስ እያሉ ዋጋቸው 56 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር። ወረቀት ላይ መንታ ናቸው። ጋራዥ ሲገቡ ግን አይተዋወቁም።

አንድ ጓደኛዬ ኮርቬት ካልገዛህ ብሎ ሲሟገተኝ ከርሟል። ክርክሩ መጥፎ አይደለም። ከ2008 እስከ 2013 የተሠራው ተራው ኮርቬት 6.2 ሊትር ሞተር፣ 430 የፈረስ ጉልበት አለው፤ የትም ጋራዥ ይሠራል፣ ዕቃውም ሞልቷል። ግን ወንበሩ ሁለት ነው። ልጆቼን የት ላስቀምጣቸው?

የኤም 3 ሞተር ኤስ65 ይባላል። ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 8,300 ዙር ላይ ሲደርስ ነው። እዚያ ሲደርስ የሚያወጣውን ድምፅ አንዴ ከሰማህ ማስታወቂያ ማየት አታቆምም። ሕመሙም እንደ ድምፁ የታወቀ ነው። ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ክንድ) ክራንክ ሻፍቱን (የሚሽከረከረውን ዋና ዘንግ) በሚያቅፍበት ቦታ ብረት ከብረት እንዳይፋቅ የሚያደርግ ስስ ቅርፊት፣ ብሮንዚና፣ አለ። በብሮንዚናውና በክራንክ ሻፍቱ መሃል የሚያልፈው ዘይት ከፀጉር የቀጠነ ነው። ይህን ሞተር ፈተው የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች ክፍተቱ ከመነሻው ጠቧል ይላሉ። ፋብሪካው የሚያዘው ዘይት ደግሞ 10ደብሊው-60 ነው፣ ወፍራም። ጠባብ ክፍተት፣ ወፍራም ዘይት፣ የጥር ጠዋት ብርድ። ብሮንዚናው ከዕድሜው በፊት ይበላል።

ሳይብስ ማስቀየር ይቻላል። ሥራውን የሚያውቁ ጋራዦች ከ2,500 እስከ 3,500 ዶላር አካባቢ ይጠይቃሉ። ካልቀየርከውና ከሄደ ግን ሞተር ነው የምትገዛው። የሞተሩ ዋጋ ደግሞ መኪናውን ከገዛህበት ብዙም አይርቅም። ከዚያ ሌላ ነዳጅ ስትረግጥ አየሩን የሚከፍቱት ሁለት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አሉ፣ ትሮትል አክቹዌተር የሚባሉት። እነሱም በጊዜያቸው ይሄዳሉ። ዋጋቸው ያናድዳል እንጂ አያስለቅስም።

አንድ ነገር ደስ አለኝ። ኤም 3 ዙር መቁጠሪያው ላይ ቢጫ ማስጠንቀቂያ አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ዝቅ ካለ ቁጥር ይጀምራል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሸሻል። መኪናው ራሱ «ትንሽ ታገሠኝ» እያለህ ነው። ጥያቄው ከኔ በፊት የያዙት ሰዎች ታግሠውታል ወይ የሚለው ነው። የመኪና ታሪክ የሚያወጣው ካርፋክስ ግጭቱን ይነግርሃል፣ የባለቤቶቹን ብዛት ይነግርሃል። ጠዋት ሥራ የረፈደበት ሰው በበረዶ መሃል አስነስቶ ወዲያው 7,000 ዙር ድረስ መርገጡን ግን የትኛውም ወረቀት አይጽፈውም።

የዘይት ናሙና ላቦራቶሪ ልከህ ማስመርመር ትችላለህ የሚሉ አሉ። ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብሮንዚናዎች እርሳስና መዳብ ስላለባቸው ሲበሉ ዘይቱ ውስጥ ይታያሉ። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ግን ብሮንዚናቸው የአሉሚኒየምና የቆርቆሮ ዓይነት ነው፤ እርሳስ ፈልገህ ብታጣ ሞተሩ ደህና ነው ማለት አይደለም። አንድ ንጹሕ ውጤት ይዞ ለሚመጣ ሻጭ ዋጋ የማልጨምረው ለዚህ ነው። የምከፍለው ለደረሰኝ ነው። ብሮንዚናው መቼ፣ የት፣ በስንት ማይል እንደተቀየረ የሚያሳይ ደረሰኝ።

ወደ ሌክሰሱ ልምጣ። «ቶዮታ ነው፣ አይሰበርም» የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። ሞተሩ ጠንካራ ነው፣ ባለ 8 ማርሹ ካምቢዮም እንደዚያው። ግን የውሃ ፓምፑ ያነባል። የፈሰሰው ሐምራዊ የራዲያተር ፈሳሽ ደርቆ ፓምፑ ዙሪያ እንደ ጨው ሲጋገር ታየዋለህ። ከዚያ የሚከፋው በሁለቱ የሲሊንደር ረድፎች መሃል፣ ኢንቴክ ማኒፎልዱ ሥር ካለው ሽፋን የሚወጣው ውሃ ነው። ዕቃው ራሱ ትልቅ ነገር አይደለም፤ እዚያ ለመድረስ ግን የላዩ ሁሉ ይፈታል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል። ፍሬኑ ብሬምቦ ነው። የፊት ዲስኩ 360 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። መኪናው ብዙ ስላልተሸጠ ለሱ ብቻ የተሠሩ ዕቃዎች እንደ ካምሪ ዕቃ መደርደሪያ ላይ አይጠብቁህም። ጎማውም የፊቱ 225፣ የኋላው 255 ነው፤ ፊትና ኋላውን ማቀያየር አይቻልም። ጥሩ የስፖርት ጎማ አራቱን ስትቀይር ከሺህ ዶላር ይዘልላል፣ የኋላዎቹ ደግሞ ቶሎ ያልቃሉ።

ነዳጅን በተመለከተ ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነገር ነው ያለው። የአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ለኤም 3 በጋሎን 16 ማይል፣ ለአይኤስ ኤፍ 18 ማይል ይሰጣል። በዓመት 10 ሺህ ማይል ብነዳና ፕሪሚየሙን በ4 ዶላር ብንይዘው፣ ኤም 3 2,500 ዶላር ይጠጣል፣ አይኤስ ኤፍ 2,220 ገደማ። ልዩነታቸው የአንድ ጎማ ዋጋ ነው። የሚያስደነግጠው ከካምሪዬ ጋር ሳስተያየው ነው። እሷ በጋሎን 28 ማይል ትሄዳለች፤ ተራውን ቤንዚን በ3 ዶላር ከ20 ብናሰላ 1,140 ዶላር ገደማ ይበቃታል። ስለዚህ ነዳጅ «ፈጣን መኪና ልግዛ ወይስ አልግዛ» ለሚለው ይመልስልሃል። የትኛውን ለሚለው አይመልስም።

ግብሩም እንደዚያው። እዚህ ስም ስታዛውር ግዛቱ ከዋጋው ላይ 4.15 በመቶ ይወስዳል። ከዚያ ካውንቲው በየዓመቱ በመኪናው ግምት ላይ ያስከፍልሃል። ከመጀመሪያው 20 ሺህ ዶላር ግምት ላይ ቅናሽ አለ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሙሉውን ይታሰባል። ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼ ይሄን ስነግራቸው ይስቃሉ። ኢንሹራንሱን ግን ከመግዛትህ በፊት የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ሰጥተህ ጠይቅ። የኔ ኩባንያ ለሁለቱ የሰጠኝ ዋጋ ከጠበቅኩት በላይ ተራርቆ ነበር፣ ምክንያቱንም ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስለ ፈረስ ጉልበት ሲወራ አብሮ መነሳት ያለበት ሕግም አለ። በሰዓት ከ85 ማይል በላይ ከነዳህ፣ ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ካለፍክ፣ ተራ የፍጥነት ቅጣት አይደለም የሚጠብቅህ። ሬክለስ ድራይቪንግ ይባላል፤ ወንጀል ነው። እስከ አንድ ዓመት እስር፣ እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። 6 ነጥብ ይያዝብሃል፣ ጥፋቱም መዝገብህ ላይ 11 ዓመት ይቀመጣል። ራዳር የሚጠቁም መሣሪያ መጠቀምም እዚህ ክልክል ነው። የኛ ሰው ብዙው እንጀራውን የሚበላው በመንጃ ፈቃዱ ነው፤ ታክሲ፣ ኡበር፣ ሊሞ፣ የጭነት መኪና። እሑድ ጠዋት ባዶ መንገድ አግኝተህ አንዴ የረገጥከው ነዳጅ ሥራህን ይነካዋል። ወረቀቱ ላላለቀለት ሰው ደግሞ የዜግነት ማመልከቻ ላይ የሚመለስ ጥያቄ ይሆናል።

ይሄ ሕግ ምርጫዬን ነክቶታል። ኤም 3 ጉልበቱ ያለው ከፍተኛው ዙር ላይ ነው፣ ሞተሩን ካላስጮኽከው አይነቃም። አይኤስ ኤፍ ጉተታው (ቶርኩ) ይበልጣል፦ የሱ 371 ፓውንድ-ፉት፣ የኤም 3 ደግሞ 295። ከመብራት ስትነሳ፣ ወደ 495 አውራ ጎዳና ስትገባ፣ ሕጉ በሚፈቅድልህ ፍጥነት ውስጥ የሚሰማህ ይሄኛው ነው። ጥምዝ ላይ ግን አይወዳደሩም። የኤም 3 መሪ እጅህ ላይ የሚያወራውን ሌክሰሱ አያወራልህም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አይኤስ ኤፍ ደግሞ ሲነዱት ያንገጫግጫል፤ በ2011 ሞዴል ነው ያስተካከሉት።

የመጀመሪያዋን ያስመረመርኳት ኤም 3ን ነበር። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ የኛ መካኒክ ነው የወሰድናት፣ ሻጩ ራሱ እየነዳ። ሽማግሌ ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮፈኑን የሚከፍቱ መስሎኝ ነበር። አልከፈቱም። እጃቸውን ኋላ አጣምረው መኪናዋን ዞሩና ጎማው ሥር ቁጢጥ አሉ።

«ና እየው» አሉኝ። «ይቺን አራት ቁጥር አየሃት? 2315። በ2015 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። የኋላዎቹን እይ ደግሞ። አንዱ ሌላ፣ አንዱ ሌላ፣ ሁለቱም ርካሽ።»

«ጎማ እኮ እቀይራለሁ፣ ጋሼ።»

«እሱማ ትቀይራለህ። እኔ የምልህ፣ ለጎማ ያልከፈለ ሰው ለሞተር ከፍሏል ብለህ ታምናለህ ወይ ነው።»

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሰኩ። የስህተት ኮድ የለም። ሻጩ ፈገግ አለ። ጋሼ ግን ሌላ ገጽ ከፈቱ። መኪናዋ ራሷን በራሷ የምትፈትሽባቸው ነገሮች አሉ፤ የጭስ ማጣሪያው፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ፣ የነዳጅ ትነቱ። ግማሾቹ «አልተጠናቀቀም» ይላሉ። ይሄ የሚሆነው ሰሞኑን ባትሪ ከተነቀለ ወይም ኮድ ከተሰረዘ ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ በየሁለት ዓመቱ ያለውን የጭስ ምርመራም እንዲህ ሆና አታልፍም። ሻጩን ስንጠይቀው «ባትሪ ቀይሬ ነው» አለ። ሊሆን ይችላል። ባትሪው ግን አዲስ አይመስልም ነበር። ብሮንዚናውም «ተቀይሯል፣ ደረሰኙ የድሮው ባለቤት ጋ ነው» አለን።

ጋሼ በአማርኛ «መኪናዋ ጥሩ ናት፣ ጌታዋ ነው ገንዘብ ያጠረው» ብለው እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ። ለምርመራው የከፈልኩት የአንድ ጎማ ዋጋ አይሞላም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መኪና ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው። ፓርኪንግ ውስጥ የማላውቀውን ሰው መኪና ሳይ እንኳ።

በመጨረሻ የገዛሁት የ2011 አይኤስ ኤፍ ነው። ካየኋቸው ኤም 3ዎች አራት ሺህ ዶላር ያህል ይበልጥ ነበር። ጓደኞቼ «ያው ቶዮታ ስለሆነ ነው» ይላሉ፣ እኔ ግን ስሌቱን ቁጭ ብዬ ሠርቼዋለሁ። ኤም 3ን በአራት ሺህ አርክሼ ገዝቼ ብሮንዚናውን በሦስት ሺህ ባስቀይር፣ አክቹዌተሮቹን ብጨምርበት፣ ሂሳቡ እኩል ይመጣል። በብር አልተበላለጡም።

የወሰነልኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሲበላሹ እንዴት ነው የሚነግሩህ? የሌክሰሱ በሽታ ቀስ ብሎ ይመጣል። ፓምፑ ዙሪያ ሐምራዊ ነገር ይጋገራል፣ የውሃው ጋን ትንሽ ይጎድላል፣ ወር ሁለት ወር ጊዜ አለህ። ደመወዝ እስኪገባ መጠበቅ ትችላለህ። የኤም 3 ብሮንዚና ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ ድምፅ ሲያሰማ አልቋል። «አስተማማኝ» የሚባለው ቃል ለኔ ከብልሽቱ ብዛት ይልቅ በዚህ ነው የሚለካው። ብዙ የሚበላሽ፣ ግን ቀድሞ የሚያሳውቅ መኪና በጀት ይያዝለታል። አንዴ ብቻ የሚበላሽ፣ ግን ሳይናገር የሚሄድ፣ አይያዝለትም። ከ1997 እስከ 2008 የተሠሩት ፖርሽ ቦክስተሮችና የዚያ ዘመን ብዙዎቹ ተራ ፖርሽ 911ዎችም ሞተራቸው ውስጥ ያለች አንዲት ኩሽኔታ እንዲሁ ናት። ምናልባት ዕድሜ ልኳን ትሠራለች። ካልሠራች ግን ሞተሩን ይዛው ትሄዳለች።

ካምሪዋን አልሸጥኳትም። ይሄ በስሌቱ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። አይኤስ ኤፍ ጋራዥ ሲቆም ሥራ አልቀርም፣ ልጆቼም ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው፣ በተለይ ኡበር የሚሠራ ሰው፣ «ልግዛ ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አትግዛ ነው የምለው፣ ሌክሰስም ቢሆን። አንድ ሳምንት ጋራዥ ማደር ለኔ ብስጭት ነው፤ ለሱ የቤት ኪራይ ነው።

ኮርቬት ካልገዛህ ሲለኝ የነበረው ጓደኛዬ በቅርቡ አንዲት ኢ92 አገኘ። ልኮልኝ አየኋት። ብሮንዚናው የተቀየረበት ደረሰኝ አለ፣ ሁለቱም አክቹዌተሮች ተቀይረዋል፣ አራቱም ጎማ አንድ ዓይነትና አዲስ ነው። ዋጋዋ ከሌሎቹ ስድስት ሺህ ይበልጣል። «ውድ አይደለም?» አለኝ። ግዛ አልኩት። ጋሼም አይተዋት ጎማው ላይ ብዙ አልቆዩም። ባለፈው ሳምንት ስሙን አዛወረ። እኔ ደግሞ የውሃ ፓምፔ ማንባት ጀምሯል፤ ዕቃው ታዟል፣ ጋሼ ለሚቀጥለው ወር ቀጥረውኛል፣ ያንን የመሃል ሽፋንም በዚያው ያዩልኛል።